የወፉን ዓይን ማን ነገራቸው?

እናንተዬ፣ ስሙኝማ! ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ዝም ብዬ መቀመጥ አቅቶኛል። ነገሩ የወፍ ሥዕል ነው። «ለወፍ ሥዕል ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ በተለይ የኮምቦልቻዎቹ። ግን ቡናው እስኪወርድ ታገሡኝ። አቦሉን ሳንጨርስ መቅደላ እንደርሳለን፤ በቶናው ለንደን እንገባለን፤ በረካው ላይ ደግሞ ሁላችሁም የአውራ ዶሮ ጭራ ይዛችሁ መስኮት ሥር ትቆማላችሁ።

እንግሊዝ አገር፣ ራትላንድ ከሚባል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል በየዓመቱ ኦገስት ላይ የወፍ ወዳጆች ገበያ ይቆም ነበር። ገበያ ስላችሁ ወፍ አይሸጥበትም ነበር። ይሸጥ የነበረው መነጽር፣ መጽሐፍ፣ የጉዞ ቀጠሮ፣ ወፍ የታተመበት ስኒና ሸሚዝ ነው፤ ትርፉም ለወፎች ጥበቃ ይውል ነበር። የእኔን ቀልብ የወሰደው ግን የሰዓሊዎቹ ድንኳን ነው። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰው ሰዓሊ ፊት ይቆምና «ያየሁትን ወፍ ሣልልኝ» ብሎ ያዛል። እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ሰዓሊው ያን ወፍ አብሮት አላየም። ታዲያ የእግሩን ቀለም በምን ያውቃል? የዓይኑንስ?

ሥዕል ማዘዝ ለእኛ አገር እንግዳ እንዳይመስላችሁ። እዚሁ በእኛ በደሴዎች አፍንጫ ሥር፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ያሠሩት ባለ ሥዕል ወንጌል አለ። ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድሙት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ደግሞ በቅስቶቻቸው ላይ ወፎች ቆመዋል፤ እንዴት ያምራሉ! የእነዚያ ወፎች ሥራ ግን ገጹን ማስጌጥ ነው፤ «አንተ የትኛው ነህ?» ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ የማወራችሁ ስለ ሌላው ዓይነት፣ ላባው ተቆጥሮ ቀለሙ ተመስክሮበት ስለሚሣለው ወፍ ነው።

በሉ ወደ መቅደላ እንውጣ። በ1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ 13 ሺህ ያህል ወታደርና ከህንድ የተጫኑ 44 ዝሆኖች ይዞ እንደነበር ሰምታችኋል። በዚያ ሁሉ ኮቴና አቧራ መካከል ግን ድንጋይ እየፈለጠ፣ ወፍ እየሰበሰበ የሚሄድ አንድ ሰው ነበር። ዊሊያም ብላንፎርድ ይባላል፤ የህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነው። ከጦሩ ጋር መቅደላ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሌላው ታቦትና ብራና ጭኖ ሲወርድ እሱ የወፍ ቆዳ ጭኖ ወረደ። የብራናው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበናል፤ የወፎቹን ነገር ግን ማንም ያነሣው አይመስለኝም።

ብላንፎርድ በጉዞው ያየውን እ.ኤ.አ. በ1870 ለንደን ላይ በመጽሐፍ አወጣው። መጽሐፉ ውስጥ ባለ ቀለም የወፍ ሥዕሎች አሉ። የሣላቸው ዮሐንስ ኮይለማንስ የሚባል የኔዘርላንድ ሰው ነው፤ በ1869 ለንደን ገባ፤ በዘመኑ ወፍ በመሣል የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። እና ኮይለማንስ ወሎን አይቶ አያውቅም! ደላንታን አልረገጠም፣ የበሽሎን ቁልቁለት አልወረደም። ሆኖም የእኛን ወፎች ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይናቸውን አብርቶ ሣላቸው። እንዴት ቻለ?

ቀስ ብለን እንየው። ወፉ ይገደላል። (ወፍን በሕይወቱ ከነቀለሙ የሚያነሣ ካሜራ በሌለበት ዘመን ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ዛሬ ቢሆን እኔም ከእናንተ ጋር እጮኽ ነበር።) ከዚያ ሆዱ ላይ ትንሽ ይቀደድና ሥጋው በሙሉ ይወጣል። የሚቀረው ቆዳው ከነላባው፣ የራስ ቅሉ ከነመንቁሩ፣ የክንፉና የእግሩ አጥንት ነው። ቆዳው ከውስጥ ነቀዝ እንዳይበላው አርሴኒክ ያለበት ሳሙና ይቀባል፣ ጥጥ ይሞላል፣ ይሰፋል። በጀርባው ተኝቶ፣ ክንፉን አጥፎ፣ እግሩ ተጣምሮ ይደርቃል። እንዲህ የደረቀ ወፍ መቶ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል።

ላባው ለምን አይበሰብስም? ላባ ወፉ በሕይወት ሳለም ቢሆን ሕይወት የለውም። የእኛ ፀጉርና ጥፍር የተሠራበት ዓይነት ነገር ነው፤ ደም የለውም፣ ውሃ የለውም። ስለዚህ ወፉ ሲሞት ላባው ብዙም ነገር አይቀርበትም፤ ቀለሙም አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆያል። እግር፣ የፊት ቆዳና በመንቁር ዙሪያ ያለው ሥጋ ግን ሕያው ነው። ደሙ ሲቆም ቀዩ ይገረጣል፣ ቢጫው ይጠወልጋል፣ ሁሉም ደርቆ ወደ ቡናማ ይሄዳል። ዓይንማ ጭራሽ ይወጣል፤ ጉድጓዱ በጥጥ ይደፈናል። ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የተደረደሩ ወፎችን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ፤ አብዛኞቹ ነጭ የጥጥ ዓይን አላቸው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጠቅ ያለብኝ! ኮይለማንስ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ዓይን የሌለው ወፍ ነው። የዓይኑን ቀለም ማን ነገረው?

ወረቀት!

ከእግሩ ጋር በክር የታሰረች ትንሽ ወረቀት። ሰብሳቢው ወፉ ገና ትኩስ ሳለ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ በእሷ ላይ ወይም በደብተሩ ይጽፋል፦ የት ተገኘ፣ መቼ፣ ወንድ ነው ሴት፣ ዓይኑ ምን ይመስላል፣ እግሩ፣ መንቁሩ። «ዓይን፦ ብርቱካናማ» የምትል አንዲት መስመር ከወሎ ደጋ ተነሥታ፣ በበቅሎ ወርዳ፣ በመርከብ ባሕር ተሻግራ ለንደን ትደርስና ሰዓሊው ብሩሹን ብርቱካናማ ውስጥ ይነክራል። አያችሁ ተአምሩን? ያን ሥዕል ሕያው ያደረገው ዓይን የተሣለው ከወፉ ሳይሆን ከዐረፍተ ነገር ነው!

ወረቀቷ ብትጠፋ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከደቡብ የአገራችን ክፍል አንድ ታሪክ አለ። ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የተባለ የኢጣሊያ ልዑል በዚያ ሲጓዝ አንድ የሚያምር ጫካ ወፍ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1893 ልዑሉን ዝሆን ገደለው። ወፉ ከዕቃው መሀል ተገኘ፤ የት እንደተያዘ የሚናገር አንዲት ቃል ግን አልተጻፈበትም። በ1896 ስም ወጣለት፣ በልዑሉ ስም ተጠራ፤ አገሩ ግን ለአሥርት ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ። የቁራ መልእክተኛ ማለት ይሄ ነው። ወፉ ደረሰ፣ መልእክቱ ቀረ።

ወደ ለንደን እንመለስ፤ ኮይለማንስ ገና አልጨረሰም። አንድ ሥዕል ሣለ እንበል። መጽሐፉ ግን በብዙ ቅጂ ሊወጣ ነው። ያን ሁሉ ቅጂ እየደገመ ይሣል? አይ! ድንጋይ ላይ ይሥላል።

አዎ፣ ድንጋይ። ለስላሳ ሆኖ የተሞረደ ጠፍጣፋ የኖራ ድንጋይ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ መጨረሻ ያገኘው ዜነፈልደር የተባለ የባቫሪያ ሰው ነው፤ ሲገባችሁ በቀላልነቱ ትስቃላችሁ። ሰዓሊው ቅባት ባለው እርሳስ ድንጋዩ ላይ ወፉን ይነድፋል። ከዚያ ድንጋዩ በውሃ ይረጥባል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ውሃ ስታፈሱ ምን ይሆናል? ይንከባለላል እንጂ አይገባም። ድንጋዩም ላይ እንዲያ ነው፦ ውሃው ቅባቱን ሸሽቶ ባዶው ቦታ ላይ ብቻ ያርፋል። አሁን ቅባት ያለው ጥቁር የማተሚያ ቀለም ይንከባለልበታል። ቀለሙ ውሃውን ይጠላል፣ ቅባቱን ይወዳል፤ ስለዚህ የእርሳሱ መስመር ላይ ብቻ ይጣበቃል። ወረቀት ተጭኖበት ሲነሣ ወፉ ወረቀቱ ላይ ነው! እንደገና አርጥብ፣ እንደገና ቀለም፣ እንደገና ወረቀት። ምንም ሳይቀረጽ፣ ምንም ሳይፋቅ፣ ቅባትና ውሃ ስለማይዋደዱ ብቻ መጽሐፍ ይታተማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው የተገለበጠ ነው። ወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ የሚያይ ወፍ ድንጋዩ ላይ ወደ ግራ ነበር የሚያየው። ፊርማም ካለ ሰዓሊው ወደ ኋላ መጻፍ ነበረበት።

ደግሞ ይሄን ስሙ! ለዚህ ሥራ ተመራጩ ድንጋይ የሚወጣው ባቫሪያ ውስጥ ዞልንሆፈን ከሚባል አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ከዚያው ድንጋይ ውስጥ የወጣ የአንድ ላባ ቅርጽ ይፋ ሆነ። ቀጥሎ ክንፍና ላባ ያለው፣ ግን እንደ እንሽላሊት ጥርስና ረጅም የአጥንት ጭራ የነበረው ፍጥረት ወጣ፤ 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነው፣ ከጥንታውያን ወፎች ሁሉ ስመ ጥሩ። ሰዎች ወፍ የሚያትሙበት ድንጋይ ራሱ ቀድሞ ወፍ አትሞ ይዞ ቆይቷል! ይሄን ባነበብኩ ጊዜ ወንበሬን ለቅቄ ተነሥቻለሁ።

ከድንጋዩ የሚወጣው ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙን ሰው በእጅ ይቀባዋል። ቀለም ቀቢዎቹ ሰዓሊው የጨረሰውን አንድ ናሙና ፊታቸው አስቀምጠው ቅጂ በቅጂ ይቀባሉ። እንግዲህ በአንዱ ወፍ ላይ ስንት እጅ እንዳረፈ ቁጠሩ፦ የተኮሰው፣ የገፈፈው፣ ወረቀቷን የጻፈው፣ ድንጋዩ ላይ የነደፈው፣ ያተመው፣ የቀባው። እኛ ግን ገጹን ገልጠን «ኮይለማንስ ሣለው» ብለን እናልፋለን።

አሁን ደግሞ ጥበበኛው ራሱ አገራችን የመጣበትን ላጫውታችሁ። እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም «ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ» ከተባለው ጋዜጣ ጋር ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የጥናት ቡድን ላከ። መሪው ኦስጉድ ነበር፤ ሰዓሊው ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ፣ በአሜሪካ የወፍ ሰዓሊዎች ቁንጮ። ፉዌርቴስ ወረቀቷን አላመነም፤ የዓይን ቀለም በደቂቃዎች እንደሚጠፋ ያውቃልና ወፉ ገና ሳይቀዘቅዝ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን፣ ዓይኑን፣ የፊቱን ቆዳ በውሃ ቀለም ይይዛል። ላባው ይደርሳል፤ የትም አይሄድም። ለወራት እየዞረ ከመቶ በላይ ሥዕል ሠራ።

በ1927 ወደ አገሩ ተመለሰ። ኦገስት ላይ፣ ኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ የሚነዳው መኪና የባቡር ሐዲድ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨውና ሞተ። የኢትዮጵያ ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ምንም ሳይሆኑ ተረፉ። ሙዚየሙ በ1930 ከእነሱ 32ቱን በአልበም አሳተመ። ስለ እነዚህ ሥዕሎች ሳስብ የማደንቀው ቀለማቸውን ይሁን መትረፋቸውን ሁልጊዜ ይምታታብኛል።

እሺ፣ በረካ። ማነው ዶሮ ያረደው? ጥቁር የአውራ ዶሮ ጭራ ላባ አምጡ፤ ያንን ቀስት መስሎ የሚወርደውን። ብርሃን ወደ ኋላችሁ አድርጋችሁ እዩት፤ አረንጓዴ ያብረቀርቃል አይደል? አሁን በዓይናችሁና በመስኮቱ መሀል ያዙት፤ ብርሃኑ በላባው ውስጥ አልፎ ይምጣ።

አረንጓዴው የት ሄደ?

ጠፋ! የቀረው ጥቁር ቡናማ ነው። ምክንያቱም መጀመሪያውኑ አረንጓዴ ቀለም ላባው ውስጥ የለም። ያለው የጥቁር ቀለም ቅንጣት ነው፤ በዓይን ሊታይ በማይችል ስስ ንብርብር ተደርድሯል። ብርሃን ሲያርፍበት ከላይኛው ንብርብር የተመለሰውና ከታችኛው የተመለሰው ይገናኛሉ፤ የንብርብሩ ውፍረት የሚስማማው ለአረንጓዴው ብቻ ስለሆነ አረንጓዴው ተደጋግፎ ይጎላል፣ ሌላው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ላባውን ስታዞሩት ቀለሙ የሚሸሸው ለዚህ ነው።

አሁን የሰዓሊውን መከራ አስቡት። በደጋችን አበባ ለአበባ እየዞረች ማር የምትመጥ፣ ምንጩ ላስታ ከሆነው ከተከዜ ወንዝ ስሟን የወሰደች ትንሽ ወፍ አለች፤ ወንዱ ፀሐይ ሲያገኘው ወይን ጠጅ ሐምራዊ ይነድዳል፣ ጥላ ሲገባ ጥቁር ነው። በየትኛው ቀለም ይሣል? ሐምራዊ ብቻ ከቀባ የግድግዳ ቀለም ይመስላል። ጥሩ ሰዓሊ መጀመሪያ ጥቁሩን ይደፋል። ከዚያ ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ሐምራዊ፣ በጠርዙ ትንሽ ሰማያዊ፣ መሀሉ ላይ ነጭ ለመሆን የቀረበ ብልጭታ። የሚያበራው ቀለሙ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ጨለማ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ ዓለት ላይ የሚሰብረውን ባለ ጢም ጥንብ አንሳ ታውቁታላችሁ፤ በደጋው ሰማይ ላይ ሲያንዣብብ ደረቱ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ነው። ያ ቀለም ከላባው አልበቀለም! ወፉ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃ ፈልጎ፣ ተንከባልሎበት፣ ራሱን የቀባው ነው። ጭቃ በማያገኝበት አጥር ውስጥ ያደገው ደረቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እና ሰዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ቀይና ቢጫ የአፈር ቀለም ምንድን ነው? ያው የብረት ዝገት! ይሄን ወፍ የሚሥል ሰው የሚቀባው ወፉ ራሱ የተቀባውን ነው። እኔ ብሆን ከቀይ አፈር ዘግኜ፣ አጣርቼ፣ በእንቁላል አስኳል በጥብጬ ነበር የምሥለው።

ስለዚህ ከእናንተ መሀል ሐይቅ ወይም ቦርከና ረግረግ ዳር ወርዶ ያየውን ወፍ ለአንዱ የከተማችን ሰዓሊ ማዘዝ የፈለገ ካለ፣ ስልኩ ፎቶ ያነሣል ብሎ አይዘናጋ። ስልክ ከሩቅ የሚያነሣው ነጥብ ነው። ደብተር ያዙ፦ ዓይኑ፣ እግሩ፣ የመንቁሩ ጫፍ፣ ፀሐይ ከየት በኩል እንደነበረች። በቁራ ተለማመዱ፤ ደሴ ቁራ አይቸግራትም። የእኛ ባለ ትልቅ መንቁር ቁራ በዓለም ላይ በእኛና በጎረቤቶቻችን አካባቢ ብቻ የሚገኝ ነው። ማጅራቱ ላይ ያለውን ነጭ ሁሉም ያውቃል፤ የመንቁሩ ጫፍም ነጭ መሆኑን ግን ስንቶቻችሁ አይታችኋል?

ሥዕል ውድ ነው ለሚል ደግሞ ከከብት ቀንድ የተሠራ ወፍ አለ፤ የስጦታ ዕቃ መሸጫ መደርደሪያ ላይ አንገቱን አቅንቶ የሚቆመው። ቀንድም ከላባና ከመንቁር ሽፋን ጋር አንድ ቤተ ዘመድ ነው፤ ኬራቲን ይባላል። ስለዚህ የቀንድ ወፍ መንቁር ከእውነተኛው መንቁር የሚርቀው በጥቂቱ ነው! ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ያኔ ይታጠፋል፣ ይጠፈጠፋል። ሲቀዘቅዝ በያዘው ቅርጽ ይጸናል። ግርጌው አጥንት ስለነበረበት ባዶ ነው፤ ጫፉ ግን ድፍን ነው። እንግዲህ የራያን ሰንጋ ቀንድ በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡ፦ ድፍኑ ሹል ጫፍ መንቁር ይሆናል፣ ተፈጥሯዊው ቅስት አንገት ይሆናል፣ ወፍራሙ አካል ይሆናል። የቀንድ ወፎች ሁሉ አንገተ ረጅም የሆኑት ለዚህ ነው። ከቀንድ ቁራ የሚሠራ ሰው አታገኙም፤ ቀንዱ ራሱ ሽመላ ልሁን ይላል።

ስትገዙ ግን ፕላስቲክ እንዳይሆን። የጋለ መርፌ ጫፍ ከሥሩ፣ በማይታይበት በኩል ነካ ስታደርጉት የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተ ቀንድ ነው። ሻጩን አስፈቅዱ ብቻ፤ ሳይጠየቅ ዕቃው ላይ መርፌ የሚያግል ደንበኛ የሚወድ ነጋዴ ደሴም ኮምቦልቻም የለም።